ወደብ አለኝ

ባሕር የለኝም፤ መርከብም የለኝም።
አራት ኪሎ፣ ሊፍቱ በማይሠራ ፎቅ፣ አምስተኛው ላይ፣
ወደብ ግን አለኝ፤
ቁጥሩ አምስት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ ሁለት።
ቀረጥ የሚጠይቀኝ የለ፣ ኪራይ የሚያስከፍለኝ የለ፤
ከራሴ ወደ ራሴ ነው የምጭነው፣ የማራግፈው።

ኮንቴይነርም አለኝ።
እንደዚያ እንደ ታችኛው አይደለም፣
ሙሉሰው ሻምፖና የስልክ ካርድ እንደሚሸጥበት፣
ሰማያዊ ቀለሙን ፀሐይ እንደላጠው።
የኔው ቆርቆሮ የለው፣ ጓጉንቸር የለው፤
በአንድ መስመር ትእዛዝ ይቆማል፣
በአንድ መስመር ይፈርሳል፤
በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ አይለጠፍ፣
ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም አይቀባ፣
ያዘለው ላፕቶፕ እንኳ መፍረሱን አይሰማ።

ውስጡ አንድ ዳታቤዝ ጓዙን ይዞ ቁጭ ብሏል።
እሱን ለማውረድ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፤
ሰማንያ ከመቶ ሲደርስ መብራቱ እልም፣
ዘጠና ሲደርስ ኔትወርኩ ድርግም።

አቶ ጥላዬ መዝገቡን በፌስታል ጠቅልለው መጡ፤
የዶሮ ማነቂያ እድር፣
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አባል፣
በሦስት ሰው የእጅ ጽሕፈት።
ሰፈሩ ፈርሷል። ሰዉ ተበትኗል፤
ማን ገላን፣ ማን አራብሳ፣ ማን የካ አባዶ።
እድሩ ግን አልፈረሰም፤
ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ
ሦስት ታክሲ እየቀየሩ መጥተው ይከፍላሉ።
«ይህን ነገር ኮምፒውተር ላይ አስገባልን» አሉኝ፣
«ድንኳኑንም፣ ብረት ድስቱንም፣ ወንበሩንም።»

ስጽፍ ሰነበትኩ።
ትርንጎ ገብረ ሕይወት፣ የቤት ቁጥር ሰባት መቶ አራት፤ ቤቱ የለም።
ሻለቃ ወርቅአገኘሁ፣ የሁለት ወር ውዝፍ።
«አድራሻ» የሚለው ዓምድ
ባዶ ከሆነ አልቀበልም እንዲል አዝዤው ነበር፤
ገና ከአሥረኛው ስም ሳልደርስ
ሕጉን አላላሁት።

ሐሙስ ማታ ሐመልማል
«አሮጌውን አፍርስና አዲሱን ስሪት አቁም» አለችኝ።
አፈረስኩ። አቆምኩ።
ስንት ሰው አለህ? ብዬ ጠየቅሁት።
ዜሮ አለኝ።
ሳያፍር፣ ሳያቅማማ፣
ማንንም አይቶ እንደማያውቅ፦
ዜሮ።

ሐመልማል በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየች።
«መዝገቡን ከቤቱ ውጭ አላኖርከውማ!
ቤቱ ሲሄድ፣ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።»
የጎደለኝ አንድ መስመር ነበር፣
በሁለት ነጥብ መሐሉ የተከፈለ፦
በስተግራ የኔ ዲስክ፣
በስተቀኝ የሱ ሆድ።

ለአቶ ጥላዬ ደወልኩ።
«ጠፋ» ስላቸው ዝም አሉ፤
ከዚያ ሳቁ፣ የደረታቸው ፉጨት በስልኩ እስኪሰማኝ።
«ግሬደሩ የመጣ ዕለት
መጀመሪያ ያወጣሁት ሶፋውን መሰለህ?
አይዞህ። መዝገቡ ብብቴ ሥር ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት መጡ፣ አምስቱን ፎቅ ሦስቴ አርፈው።
እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።
ከመስኮቱ ማዶ፣ ወደ ፒያሳ በኩል፣
ሰፈራቸው በነበረበት ላይ
አዲስ ሣር ውሃ ይጠጣል፤
አንድም ጊዜ ወደዚያ አላዩም።

ስንጨርስ ልፈትነው ብዬ
ኮንቴይነሩን ዓይናቸው እያየ አፈረስኩት።
እጃቸው መዝገቡን ጠበቅ አደረገ።
አቆምኩት። ጠየቅሁት።
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።

«አንድ ተሳስቷል» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው፤
«ትርንጎ ትናንት ማታ አረፈች።
ቀብሯ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ከዚህ ወደዚያው ነኝ።»
ጣቴ ወደ መሰረዣው ሄደ።
«ተው! ማን ሰርዛት አለህ?
አጠገቧ ‹ድንኳን ወጥቶላታል› ብለህ ጻፍ።»

እንዲህ የሚል ዓምድ አልነበረኝም።
ጨመርኩ።