የግራ እጅ ቋጠሮ

አማሮ ወንድሜ፣ አህያህ ደረሰ
በጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ሆዱ እንደፈረሰ፤
አንገቱ ዘንበል ብሎ፣ ጆሮው አንድ ቀርቶ፣
የአዝራር ዓይኑ ደግሞ በአንዲት ክር ተይዞ
ደረቱ ላይ ተኝቶ።

«ለልጅ ልጄ ልስጠው፤ ስፊልኝ» ትላለህ፤
ከቢልባኦ ሆነህ
እኔን ማዘዝ እንጂ መርፌ መያዝማ መቼ ትችላለህ?

እዚህ ማልፒካ ላይ ባሕሩ ከትናንት ተቆጥቷል፤
ጀልባ ሁሉ ታስሯል፤
ማዕበሉ ግንቡን ዘሎ የነኦብዱሊያን መስኮት በጨው ለስኗል።
እኔም መጋዘን ውስጥ መረቤን ከምሬ፣
የአህያህን ሆድ ዕቃ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ
ቁጭ ብያለሁ ዛሬ።

አርባ ዓመት ሙሉ መረብ የጠገንሁ ነኝ፤
የዶልፊን ንክሻ፣ የአለት ቅዳጅ፣ አንዱም የማይገደኝ፤
ይህቺ ጭብጥ ጨርቅ ግን እጄን አሰረችብኝ።

ምክንያቱን አታውቅም።
እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አንተ ገና አራት፤
ኩፍኝ ይዞህ ተኝተህ፣ እናታችን ከሰርዲን ማሸጊያው
ሌሊት የምትገባበት።
የጎረቤት ልጅ እንዳለው ያለ አህያ አማረህ፤
«አህያ! አህያ!» ስትል አደርህ።
ጨርቁን ከመጋረጃ፣ አዝራሩን ከቀሚሴ
አገኘሁ በራሴ።
ሆዱ ግን ባዶ ነው፤ ምን ልጠቅጥቅበት?
ከበሩ ጀርባ የአባባ ሹራብ ተሰቅሏል፣
ባሕር የሚወጣበት፣
ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ ብቻውን የሚቆም ጨው ከመጠጣት ብዛት።
ግራ እጅጌውን ያዝሁ፣ ከክርኑ በታች፤
በመረብ መቀስ ቆረጥሁት፤
እጄም አላመነታች።

በማግሥቱ አባባ ሹራቡን አጠለቀ፤
የግራ ክንዱን አየ፣ እኔን አየ፤ አልተቆጣም፣ አልሳቀ።
«አይጥ በልታው ነው» ብሎ ወደ ጀልባው ወረደ፤
ክረምቱን በሙሉ አንድ ክንዱ ገላጣ፣ ወደ ባሕር ሄደ።
እኔም አመንሁ። ልጅ ነኛ። አይጥ ያዳነችኝ መሰለኝ፤
ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዚያች አይጥ ባለዕዳ ነኝ።

ዛሬ ፈታሁ እንግዲህ የልጅነት ስፌቴን፣
ጥርስ እንዳጣ አፍ የተንሻፈፈውን።
ያ ሰማያዊ ሱፍ ወጣ፤ ቀለሙ አልደበዘዘም፤
የባሕር ሽታ አለው ልልህ ነበር፤ የለውም፤
አቧራ ነው የሚሸት። ልዋሽህ አልፈልግም።

ከኋላ እግሩ መጋጠሚያ ግን
አንድ ስፌት አገኘሁ፣ ከውስጥ የታሠረ፣
የኔ እጅ ያልነካው፣
በቀጭን የመረብ ክር፣ ወደ ግራ የዞረ።
በዚህ ወደብ ሁሉ
እንዲያ የሚቋጥር አንድ ሰው ነበረ፤
ጓደኞቹ ሁሉ የሚስቁበት፣
«የኤላዲዮ መረብ ዓሣውን ያሳስታል» እያሉ የሚያሙት።

ያውቅ ነበር ለካ!
አንድ ሌሊት ላይ ነው፤ የአህያው ሆድ ተተርትሮ፣
አንተ እንቅልፍ ወስዶህ፣
የገዛ እጅጌውን ከዚያ ውስጥ አገኘው፤ መልሶ ጠቀጠቀው፤
ዘጋበት ቋጥሮ።
በነጋም አልጠየቀ፣ በማግሥቱም አልጠየቀ፤
በሰባ ስምንት ዓመቱ፣ አልጋው ላይ፣ ሳይነግረኝ ሞተ፣
አይጧን እንደደበቀ።

እንግዲህ አማሮ፣ ዓይኑን አጥብቄያለሁ፤
የራሴን ስፌቶች አንድ በአንድ ፈትቼ ዳግም ሰፍቻለሁ፤
ያንን ቋጠሮ ግን እንዳለ ትቻለሁ።
ጆሮ ያጣ ጎኑን
ከቢጫ የዝናብ ካፖርቴ ቀድጄ ቀጠልሁለት፤
አያምርም። ይሁንለት።
የፖስታውን ሂሳብ እንዳትረሳ ደግሞ፤ ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ።

ኢሪያ ሲደርሳት ጆሮውን ጎተት አድርጋ
«የዱሮው የት ሄደ?» ስትልህ፣
ሌላ ነገር አትንገራት፤
አይጥ በላችው በላት።