አሥር ሳንቲም

በቫልፓራይሶ፣ ኮረብታው ባሕሩን ቁልቁል በሚያይበት፣
ከግድግዳ ሁሉ ቀጥ ያለ አንድም በሌለበት፣
ቤቶች ቆርቆሮ ለብሰው፣ ሰማያዊ ቢጫ ተቀብተው፣
መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር ወደ ጎረቤት ተጠግተው፣
እኔና አክስቴ ኦርቴንሲያ መስኮት ልንለካ ወጣን፤
ደረጃውን ስንቆጥር ሁለት መቶ ላይ ቁጥሩን አጣን።

የአክስቴ ሜትር ቢጫው ተልጦ ብረቱ ያገጠጠ፣
ጫፉ ላይ የነበረው መንጠቆ ድሮ የተቆረጠ፤
ስለዚህ ከዜሮ አትነሣም። ከአሥር ነው የምትጀምረው።
«አሥር ሳንቲም ቀንሰህ ነው» ትለኛለች «የምትናገረው።»
ሃያ ዓመት ሙሉ ስትቀንስ ስንት በር በልኩ ገጠመች፤
ረስታ አታውቅም። ይህን ያለችው ራሷ ነች።

እኔ ሌዘር አለኝ፤ በመጀመሪያ ደሞዜ የገዛሁት፣
ከሸሚዜ ኪስ እያወጣሁ ለመንገደኛ ያሳየሁት።
ቁልፉን ሲጫኑት ቀይ ነጥብ ማዶ ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤
ሄደች ብለህ ሳትጨርስ ርቀቷን ትነግርሃለች።
መሰላል የለ፣ መንበርከክ የለ፣ «ያዝልኝ» የሚባል ሰው የለ።
አክስቴ አገላብጣ አየችው። «ታዲያ ልጅ ምን ሊሠራ አለ?»

ስድስት ዓመቴ ነበር የሜትሩን ጫፍ የያዝኩላት፤
ከክፍሉ ዳር ቆሜ «ያዝኩ!» እያልኩ የጮኽኩላት።
አንዳንዴ ስለቀው ተስፈንጥሮ ጣቷን ይቆርጣት ነበር፤
ደሟን ጠርጋ ስታበቃ «እንደገና» ትለኝ ነበር።

ዶኛ ኤልሲራ ወንበሯን ከቀዳዳው ፊት አኑራለች፤
ከላስቲኩ በስተጀርባ መርከብ በድምፁ ብቻ ትለያለች።
ላስቲኩን ገፈፍን። ፀሐይ ከባሕሩ ላይ ዘላ ገባች፣
ቀይ ነጥቤን እንደ ጨው አሟሟች።
ባርኔጣዬን ጋርጄላት «መቶ ዘጠኝ!» ብዬ ጮኽኩ።
«መቶ ሠላሳ!» አለች አክስቴ። አልተወችም፤ እኔም ታበይኩ።
በሃያ አንድ ሳንቲም ተጣልተን ምሳም ሳንበላ ዋልን፤
አለቃዬ እሷ ናት። ለመስታወት ቆራጩ «መቶ ሠላሳ» አልን።

ሐሙስ ዕለት ተሸከምነው፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤
ደመና በአንዱ ጫፍ ገብቶ ሲወጣ በሌላ።
አደረስነው።
አስጠጋነው።
አልገባም።

አክስቴ ሜትሯን አየች፤ ሜትሯም እሷን አየ።
እኔም ሌዘሬን ገለበጥኩ፤
ለካ ከጀርባው መቁጠሩን ትቶ ከአፉ ሲቆጥር ነው የቆየ፤
አሥራ አንድ ሳንቲም የራሱን ገላ ከመንገዱ ሳይደምር።
አሥሯን የረሳችው እሷ። አሥራ አንዱን የረሳሁት እኔ።
መሣሪያው አልዋሸም፣ የእሷም የእኔም፤
የጠፋው ከየት እንደሚጀመር ነው፤ ለእሷም፣ ለእኔ።

ዶኛ ኤልሲራ ከዳቦ ከረጢት ሲባጎ ፈትታ መጣች፤
ከዳር እዳር ወጥራ፣ በጣቷ ቆንጥጣ፣ «ይኸው ልኩ» አለች።
ሲባጎ ዜሮ የለው፣ አሥር የለው፣ ባትሪ አያልቅበት፤
ከዚህ እስከዚህ ብቻ ያውቃል፤ ሌላ ዕውቀት የለበት።

«የረዘመ ይቆረጣል» አለች አክስቴ «ያጠረ ግን አይቀጠልም።
በአንተማ ቢሆን ኖሮ...» ዝም አለች። አልጨረሰችም።
ጠርዙን በአልማዙ ጫረችና ቀጭ አድርጋ ሰበረች፤
ስቱኮው ገና ሳይደርቅ ዶኛ ኤልሲራ መርከብ መቁጠር ጀመረች።

ያቺ አሥር ሳንቲም ቁራጭ ከሱቃችን በር በላይ ናት፤
ማለዳ ማለዳ ብርሃን ቀጥኖ የሚያልፍባት።

ለአዳራሽ ሌዘሬን፣ ሆዱ ለተነፋ ግድግዳ ሜትሯን አወጣለሁ፤
ትከሻዋ እምቢ ካላት ወዲህ ጣሪያውን ሁሉ በነጥብ እለካለሁ።
ሲባጎውም አለ፣ ከቦርሳዬ ሥር ተጠቅልሎ።

እሷ ማዶ ወንበር ላይ ናት። ሰው አያስፈልገውም፣ ታውቃለች።
ነጥቧ ስታርፍ ግን ያንን የተጠባሰ ጣቷን ዘርግታ፣
ግድግዳው ላይ ጫን አድርጋ፣

«ያዝኩ!» ትላለች።