አሥራ ሰባት ቁጥር

የባሕሩ ጉም ቫልፓራይሶን እስካንገቷ ሲያለብስ፣
ሠላሳ አንድ አልጋ ላይ ኤርሲልያ፣ አንድ ነፍስ።
አሥራ ሰባት ቁጥር ጠራ፤ ደወሉ ቀይ በራ፤
እሷ ግን ዘጠኝ ዘንድ ነበረች፣ ከሚፈስ ደም ጋራ።
ደረሰች። ዘግይታ።

ጠዋት አለቃዋ መጣ፣ ቅጹን አጥፎ ይዞ፤
«ሁለት ነበርን ብለሽ ፈርሚ» አላት፣ ዓይኑ ፈዝዞ።
«ውልሽ፣ አንቀጽ አሥራ አራት፣ ምስጢር ጠብቂ ይላል፤
ልጅ አለሽ፣ ኪራይ አለሽ፤ ታማኝ ሰው ይሰነብታል።»

ታማኝ ለማን? ለማኅተሙ ነው ወይስ ለዚያ እጅ?
ከደወሉ ላይ፣ ጣት በጣት፣ ያላቀቀችው እሷ እንጂ
አንቀጽ አሥራ አራት አይደል።

«ብቻዬን ነበርኩ» ጻፈች፤ ብዕሩ ወረቀቱን በሳ።
ዳገቱን በእግሯ ወጣች፣ መታወቂያዋን መልሳ፣
አሥራ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ
ቆመች።