ክንድ ያህል

በኡም አልቁወይን፣ ባሕር በሸሸበት፣
ኸልፋን ይዞኝ ሄደ፤ ሊገዛ ነው መሬት።
«ሜዳ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ባሕሩም አጠገብ ነው፤
አትክልተኛዬ ነህ፣ እስቲ አንተም እየው።»

ላዩ ነጭ ቅርፊት ነው፣ በፀሐይ የደረቀ፤
ብረግጠው እንደ ቂጣ ከእግሬ ስር ደቀቀ።
ክንድ ያህል ቆፍሬ አሳደርኩ ጉድጓዱን፤
በጠዋት ብንመጣ ውሃ ሞልቷል ሆዱን።
ጣቴን ነክሬበት ብቀምሰው አሞሌ።
«ግንብ የሚበላ ነው፣» አልኩት እኔ ሎሌ፤
«ተምሩ ይችል ይሆናል፣ ሎሚው ግን አይኖርም፤
መሬት ካልጠየቁት በአፉ አይናገርም።»

ሰማኝ፤ ቀብዱን ተወው። መኪናውን አስነሥቶ
«ያንተውስ?» ቢለኝ ጊዜ መልሱ ጠፋኝ ከቶ።

እኔ እኮ የገዛሁት፣ ሰንዳፋ ላይ፣ ዓምና፣
በስልክ ፎቶ አይቼ፣ አጥሩ አማረኝና።
ዋልካ ይሁን ቦረቦር ማንን ጠየቅኩና!

ማታ ደወልኩላት ለእህቴ ለዝናሽ፦
«ዶማ ይዘሽ ሂጂ፤ ክንድ ያህል ቆፍረሽ
ውሃ ነክረሽ ጨብጪው፤ ጣትሽ ላይ ቢጣበቅ
እውነቱን ንገሪኝ፣ ቢከፋኝም ልወቅ።»

«ሐምሌ ላይ ላየው ሄጄ፣» አለች ሳቅ እያለች፣
«አንድ እግር ጫማዬ እዚያው ሰምጣ ቀረች።»