አንድ፦ አለህ?

አባቴ ኖልቤርቶ፣ የቺሎኤ ጠላቂ፣
ከባሕር ወለል ሥር ዛጎል ፈልቃቂ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውኃ እየተጫነው
ጆሮውን ለባሕር ገብሮ ነው የወጣው።

አሁን መጥለቅ ቀርቷል፤ መረብ ተሸክሞ
ብቻውን ይወጣል፣ ከዶሮ ቀድሞ።
ለማይሰማ ሰው ድምፅ ምን ይረባል?
ሬዲዮው ቢለፈልፍ ነፋስ ይወስደዋል።
ግን ከጎኑ አለች ብርቱካናማ ቁልፍ፤
እዚህ ስጫናት፣ እዚያ ደረት ኪሱ ውስጥ
ይርገበገባል፣ በእጅ እንደ ተያዘ ወፍ።

አንድ፦ "አለህ?"
እርሱም አንድ ይመልሳል፦ "አለሁ።"
ሁለት፦ "ድንቹ በስሏል፣ ና።"
ሦስትን ተስማማንበት እንጂ
ተጭነነው አናውቅም፤
ስሙንም ቤት ውስጥ አናነሣም።

ማክሰኞ ጭጋጉ ደሴቷን ዋጠ፤
የቴርሲላ አጥር ዓይኔ ሥር ቀለጠ።
አንድ ተጫንኩ። ዝም።
ቆየሁና ደገምኩ። ዝም።
ከበሩ ደፍ ቆሜ፣ ጣቴ እየከዳኝ፣ ሦስት።

ያን ጊዜ ከወጥ ቤት፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ፣
ዝዝ፣ ዝዝ፣ ዝዝ፤
በጀርባው እንደ ወደቀ ጢንዚዛ
ጠረጴዛው ላይ የሚሽከረከር ነገር።
የአባቴ ሬዲዮ።
ረስቶት ሄዷል፤ ባትሪው ሞልቶ፣ አንድም ሳይጎድለው።
ባሕሩን የጠራሁ መስሎኝ
ለካ የራሴን ቤት ነው የጠራሁት።

ቻናል አራት ላይ የሁሉንም ጥሪ ለቀቅኩ።
የመንደሩ ኪስ ሁሉ ባንድ አፍ ጮኸ፤
ቴርሲላ በሌሊት ልብሷ፣
ኦሲያስ የጀልባ ሬንጅ እንደ ተቀባ እጁ፣
መምህሩ ከነጠመኔው፣
ፋኖስና የእጅ ባትሪ ይዘው ወደ ዳርቻው ወረዱ።

እርሱ ግን ከጭጋጉ ወጣ፣ እየቀዘፈ፣ ተኮሳትሮ፤
ሰዉን ሁሉ ቆሞ ሲያይ
"ማን ሞተ?" አለ፣ እንደ ልማዱ እየጮኸ።
ማንም አልመለሰለት፤
ቢመልስስ መች ይሰማ ኖሮ!

ያን ምሽት ሬዲዮውን
ከካፖርቱ ጋር በመረብ ክር ሰፋሁት።
"የላም ቃጭል አደረግሽብኝ" ብሎ ተቆጣ፤
ሾርባውን ሳይጨርስ ተኛ።

እኩለ ሌሊት ላይ ትራሴ ሥር ነዘረ፦
አንድ።
ከግድግዳው ማዶ ነው፣ ሦስት እርምጃ።
በጨለማ ቁልፏን ዳብሼ
አንድ መለስኩ።