መብራቱ ጠፋ

የገና ዋዜማ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣
ባጃጄን አቆምኩኝ ከቁልቁለቱ አናት።
ሐዋሳ ድርግም አለች፤
ከታቦር እስከ ሐይቁ እንደ ድስት ተከደነች።
«መብራቱ ጠፋ!» አሉ ከየደጁ ወጥተው፣
እኔ ደነገጥኩኝ ስሜን ከአፋቸው ሰምቼው።

ስሜ መብራቱ ነው።
ስምንተኛ ክፍል ስም ሲጠራ ጧት ጧት፣
«መብራቱ?» ይል ነበር መምህር ኤርሲዶ፣ መነጽሩን ዝቅ አርጎት።
«ጠፋ!» ይላል ክፍሉ፤
በሳቅ ይፈርሳሉ ስድሳ ልጆች ሁሉ።
እኔ ያን ሰዓት
አሞራ ገደል ነኝ፣ እጄ በዓሣ ደም፣ ቅርፊት ጥፍሬ ሥር፣
አባ ኮዳው ቆሞ፣ እንደ ተቆጪ ሽማግሌ፣ ጣቶቼን ሲቆጥር።
ሳንቲም ነበር ክፍያው፤
የቤት ኪራይ ነበር ከሳንቲሙ ማዶ ያለው።

ቁልቁል ስመለከት፣ በቱቦው ጥግ እስከ ገብርኤል በር፣
አርባ ያህል ከረጢት እሳት በሆዱ ይዞ ያበራ ነበር።
የእትዬ አስካለ ነው።

የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ቱቦው ተቆፍሮ ክዳኑ ተረስቶ፣
አንድ ዲያቆን ወደቀ ለማህሌት ወጥቶ፤
እግሩም ተሰበረ፣ ነጠላውም ጨቀየ
(መቋሚያው ግን ደህና፣ ይህንን ሰው ሁሉ አየ)።
በዓመቱ አስካለ የቆሎ ከረጢቷን ደረደረች፣
ከግንበኛ የለመነችውን አሸዋ እፍኝ እፍኝ ጨመረች፣
ጧፍ ተከለችበት።
«ሰው አይውደቅ» አለች እንጂ ሌላ ነገር አላለችም፣
ልማድ ይሆናል ብላም አላሰበችም።
አሁን ግን ልጆቹ፣ ታህሳስ ሲጋመስ፣ ደጇ ተኮልኩለው፣
«ወረቀት እንጠፍ? ዱቄት እናቡካ?» ነው ጥያቄያቸው።
ጸሎት ቤት የሚሄደው ማቲዎስ ጧፍ ባይነካም ሻማ ያዋጣል፣
የሐጂ ሸምሱ ሱቅ ክብሪት በነጻ ይሰጣል።

ወረድኩኝ በእግሬ።
ከረጢቱ ሁሉ የፈተና ወረቀት ነው፣
ትምህርት ቤቱ መጋዘን ሲያጸዳ በኪሎ የሸጠው።
ቀን ቆሎ ሲቋጠርበት ማንም አያነበውም፣
ማታ እሳት ሲገባው ግን የሚደብቀው የለውም፦
«እውነት»፣ «ሐሰት»፣ የቀይ እስክሪብቶ ጭረት፣
የሎሚታ ዘጠኝ፣ የቡርቃ ስምንት።

ከላይ ሰባተኛው ላይ ቆምኩ።
የእኔ ጽሕፈት ነው፣ እንደ ዓሣ አጥንት የተንጋደደ፣
ስሜ አለ፤ የአባቴ ስም ግን በማጣበቂያው የተወሰደ።
ከሃያ፣ አራት።
ጥያቄ ሦስት፦ «ብርሃን በምን ዓይነት መስመር ይጓዛል?»
መልሴ እንዲህ ይላል፦
«እኛ ቤት የሚመጣው ከጎረቤት፣ በምስማር ቀዳዳ ነው።
እነሱ ከተኙ አይጓዝም።»
ቀይ ኤክስ አለበት።
ከኤክሱ ጎን፣ በደቃቅ ቀይ፣ አይቼ የማላውቃት መስመር፦
«መብራቱ፣ ከክፍል በኋላ ጠብቀኝ፤ እንነጋገር።»

ወረቀት ሲታደል እኔ አልነበርኩም።
በዚያው ሳምንት ወጣሁ፣ ተመልሼም አልገባሁም።
አሥራ አራት ዓመት ጠብቆኝ ይሆን? ወይስ ያን ቀን ብቻ፣
ቦርሳውን አንግቶ፣ ከባዶው ክፍል ዳርቻ?

ከሐይቁ ነፋስ መጣ።
ጧፉ ጎንበስ አለና ወረቀቱን ላሰው፣
መጀመሪያ አራቱን፣ ቀጥሎ ሃያውን ጨረሰው፤
«ጠብቀኝ» ላይ ሲደርስ በመዳፌ ከለልኩት፣
እፍ ብዬ አጠፋሁት።

«እዚህ ጋ መብራቱ ጠፋ!» ብላ ጮኸች አንዲት ልጅ፣
«አለሁ» አልኩ ሳላስብ፣ የተረፈውን ጨምድጄ በእጅ።
አስካለ ከበርጩማዋ ቀና ብላ አየችኝ፣
«ሰው ይወድቅብሃል፣ ሌላ አብራ» ብላ አዲስ ከረጢት ሰጠችኝ።
የማን ፈተና እንደሆነ አላነበብኩም።
ጧፉን ተከልኩት፤
አሸዋው ገና ሞቅ እንዳለ ነበር።