አጥንት ቆጠራ

ፔዳ ግቢ ጓሮ፣ ከሙዝ ተክሉ ጀርባ፣
አሮጌ ፍሪጅ አለ፣ ደፍሮ እጅ የማይገባ።
ማቀዝቀዝ ትቷል፤ ዛሬ አምፖል ይበራበታል፣
ጥጡ ላይ ጥንዚዛ ይርመሰመስበታል።
ጆሮህን ክዳኑ ላይ ጣል ብታደርገው፣
ሰሊጥ ነው፣ ምጣድ ላይ ሲንጣጣ የምትሰማው።

የሴት ጉማሬ ራስ ነው፤ ዓባይ ከጣና ሲወጣ፣
ደንገል ሥር ተገኝቶ በጀልባ የመጣ።
ቆዳዋን እኔ ገፈፍኩ፣ ምላሷን በቢላ፤
የተረፈውን ግን ጠጉራም እጭ ይብላ።
አይጣደፉም እነሱ፤ ጅማት በጅማት፣
ከጥርስ ሥር፣ ከአፍንጫ ዋሻ፣ ሳይነኩ አጥንት።
ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ ግን ማታ ሳያቸው፣
ሰም በልተው ወርቅ የሚተዉ ባለቅኔ ናቸው።

ዘበኛው አንማው ግን ይህን ድምፅ አይወድም፤
በዚህ በኩል ሌሊት በባትሪም አይሄድም።
ወንዙ ዳር ማሳ አለው፣ ስለ ዝናብ ያወራል፤
ስለዚህ ሣጥን ግን ከንፈሩ ይታሰራል።
«የአጥንት ፍላጭህ ናት?» ብዬ ቀለድኩበት፤
አልሳቀም፤ ካፖርቱን ሳበው እስከ አንገት።

በስምንተኛው ቀን በሩ ላይ ቆመና፣
ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ በትሕትና፦
«ጥይቱንስ ይበሉታል?»
          ስለ ጥይት
ማንም አላወራም። እኔም እስከዚያች ሌሊት
አላየሁም ነበር፣ ከዓይኗ ጉድጓድ በላይ፣
ትንሽ ጣት የምትውጥ ቀዳዳ አጥንቷ ላይ።
«በቆሎዬን» አለ፣ «ሦስት ሌሊት ገባች…»
የቀረውን ዋጠው። አምፖሏ ብልጭ አለች።

አጠብኳት። ነጣች። ቁጥር ጻፍኩባት።
ካርዱ ላይ «የሞት ምክንያት» የሚል መስመር አለበት።
እስክሪብቶዬን ይዤ፣
ሰሊጡን አዳምጣለሁ።